የፒያሳ የእግር ጉዞ በድምፅ፦ ፕሮፖዛሉን እዚሁ አብረን እንቅረጸው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በጨረፍታ ያነሳነውን ሐሳብ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከማቅረባችን በፊት እዚህ እናብስለው። ከጊዮርጊስ ተነስቶ በፒያሳ በኩል አራት ኪሎ የሚደርስ የድምፅ ጉብኝት እንሥራ ነው የምለው። አስጎብኚ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ሰው ስልኩን ይዞ በፈለገው ቀን እየሰማ ይሄዳል። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞ በቅድሚያ ለቱሪስት ሳይሆን ለእኛው ለአዲስ አበባ ሰዎች ይሁን። ስንቱ ነው በየቀኑ በምኒልክ ሐውልት ሥር በታክሲ እያለፈ፣ ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ መመረቁን፣ ጣልያን ነቅሎ እንደቀበረው፣ ከነጻነት በኋላም ወደ ቦታው መመለሱን የማያውቀው? እስቲ ሐሳብ ስጡበት።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
በጣም ደስ ብሎኛል። አፕ ማሠራት ውስጥ ግን አንግባ። ብር ይበላል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሰውም ለአንድ ጉዞ ብሎ አያወርደውም። ቴሌግራም ቻናል ከፍተን ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ የድምፅ ፋይል እንጫን። ንግግር ስለሆነ በሞኖ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃዋል። ይህ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው። ሦስት ሦስት ደቂቃ የሆኑ አሥር ፋይሎች 15 ሜጋ አይሞሉም፤ ዋይፋይ የሌለው ሰውም በዳታ አይጎዳም። በየፋይሉ መጨረሻ ላይ «አሁን አቁሙት፣ ተሻገሩ፣ ስትደርሱ ቀጣዩን ክፈቱ» የሚል ይግባ። መንገድ እየተሻገሩ ማዳመጥ አደጋ ነው። ስልክ የሚነጥቅም ስላለ ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ።

የዶሮ ማነቂያው፦
ልጆቼ፣ ሥራችሁ ይባረክ። እኔ ግን የማስበው ስለሌለው ነገር ነው። ጊዮርጊስ አለ፣ ጣይቱ ሆቴል አለ፣ እነሱን ማንም ሄዶ ያያቸዋል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። አሁን እዚያ የቆመ ወጣት ሰፊ መንገድና መብራት ነው የሚያየው። እዚያ ጋ ቤት ተጠጋግቶ፣ ቦኖ ላይ ወረፋ ተይዞ፣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ሰው በሰው ቡና ላይ ሳይጠራ ገብቶ ይኖር እንደነበር በዓይን የሚታይ ምንም ነገር የለም። ጎረቤቶቼ ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። አንዳንዶቻችን የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። የቀረውን ሕንፃ ብቻ ካስጎበኛችሁ ግማሹን ነው የምትነግሩት። የፈረሰውን ማሳየት የሚችል ነገር ቢኖር የኖረበት ሰው ድምፅ ነው። እኔ ለመናገር ዝግጁ ነኝ፣ ሌሎችንም አሰባስባለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ እኔ ያቀረብኩት ላይ የጎደለው ይሄ ነው። የፕሮፖዛሉ ዋና ነገር ይሁን እላለሁ። ዜና አንባቢ የመሰለ አንድ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ከሚያነብልን፣ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው በየቦታው ይናገሩ።

የአራት ኪሎዋ፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንደ ታሪክ አስተማሪ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትዝታና የተረጋገጠ ታሪክ አይቀላቀሉብን። ጋሼ «እኔ የማስታውሰው» ብለው ሲናገሩ ያ የራሳቸው ነው፣ ማንም አይነካውም። ተራኪው ዓመት ሲጠራ ግን ተጣርቶ ይሁን፤ ዓመተ ምሕረቱም የእኛው ይሁን፣ ምክንያቱም በየድረ ገጹ የፈረንጁና የእኛ ተደባልቆ ስንት ስህተት እየተቀዳ ነው። ለጊዮርጊስ የማያከራክር ብዙ ነገር አለን፦ ስምንት ማዕዘኑ፣ ከዓድዋ ድል ጋር ያለው ትስስር፣ የ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መድፋት፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች። ለጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ አይቅር። አርመኖቹንም አትርሱ። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ ልጆች፣ የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱት «አርባ ልጆች»፣ የዚህች ከተማ የሙዚቃ ታሪክ አካል ናቸው። አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው። ፒያሳን ያለ አርመኖች መተረክ አይሆንም።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
ቲቸር፣ ታዲያ ለምን እስከ ስድስት ኪሎ አንሄድም?

የአራት ኪሎዋ፦
አይሆንም፣ ይበዛል። አራት ኪሎ ላይ መጨረስ ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሡ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። የአራት ኪሎው ሐውልት የቆመው ለዚህ ነው። ስድስት ኪሎ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ይገባዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ውስጥ ነው፣ የሰማዕታቱ ሐውልት ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት። ያን ሁሉ ሰው የፈጀውን ጭፍጨፋ በጉዞ መጨረሻ፣ እግሩ ለደከመ ሰው፣ በሦስት ደቂቃ አንነግረውም።

ሂሳብ ሹም፦
ወጪውን ላንሳ። መቅረጫ ከአባል እንዋሳለን። እውነተኛው ወጪ አረጋውያኑን ከየኮንዶሚኒየሙ ለማመላለስ ትራንስፖርት ነው፣ ወይም ቀራጩ ራሱ ቤታቸው ይሂድ። ስፖንሰር ቢገኝ ማስታወቂያው በየታሪኩ መሃል አይግባ፤ መጨረሻ ላይ ምስጋና ይበቃል። በስልክ ሲቃኝ ቻናሉን የሚከፍት የኪውአር ኮድ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የክፍለ ከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እንጠይቅ። እስኪፈቀድ ድረስ በየካፌው ባለቤቶቹን አስፈቅደን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ።

የዶሮ ማነቂያው፦
ሰባ ደረጃን ጉልበታችን የማይችል አለን። በአስፋልቱ ዞሮ የሚወርድ ሌላ መንገድ ይነገረን። መቀመጫ ያለበት ቦታም ይጠቆም።

ጸሐፊዋ፦
እሺ ጋሼ። እስካሁን የተባለውን እንዲህ አጠቃልዬዋለሁ፣ አርሙልኝ።

«ማኅበሩ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ የሚወስድ፣ በነጻ የሚሰማ የድምፅ ጉብኝት በቴሌግራም ያዘጋጃል። ከየቦታው ታሪክ ጋር በ2016 ዓ.ም. የፈረሱት ሰፈሮች የቀድሞ ነዋሪዎች ትዝታ በራሳቸው ድምፅ ይካተታል። ተናጋሪዎቹ ፈቃዳቸውን በፊርማ ይሰጣሉ፣ ከመለቀቁ በፊት ቅጂውን ይሰማሉ፣ ያልፈለጉት ይወጣል። ዓመታትና ስሞች በሁለት ሰው ይጣራሉ። ደረጃ ለማይችሉ አማራጭ መንገድ ይኖራል። ሙሉ ቅጂው ለሚቀጥለው ትውልድ በማኅበሩ ይቀመጣል።»

አድማጩን «እናንተ» እያልን እንናገር፤ «ዙር፣ ዙሪ» እያልን ወንድና ሴት ከመለየት ያድነናል።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦
የአካባቢው ድምፅም ይጨመር። የወያላው ጥሪ፣ የጠዋቱ ቅዳሴ ከሩቅ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግን ሳናስፈቅድ አንቅረጽ፤ አድማጩም እዚያ ሲገባ ማዳመጫውን እንዲያወጣ እንንገረው።

የአራት ኪሎዋ፦
ተስማምቻለሁ። ከአጣሪዎቹ አንዷ እኔ ልሁን። ግን ጽሑፉ ሳይጻፍ በፊት መንገዱን በእግር እንየው። ፒያሳ ብዙ ተቀይሯል፣ ከትዝታ ተነስተን «ቀኝ ታጠፉ» ካልን ሰው ይጠፋብናል።

ሂሳብ ሹም፦
ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል። ከጊዮርጊስ በር እንነሳ፣ አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ።

የዶሮ ማነቂያው፦
እመጣለሁ። ሁለት የድሮ ጎረቤቶቼንም ይዤ እመጣለሁ፤ አንደኛዋ ከሰፈሩ ማንም በዕድሜ የማይቀድማቸው ትልቅ ሰው ናቸውና መቅረጫውን በዚያው ቀን አምጡት።

ጸሐፊዋ፦
ይመጣል። በጽሑፉ ላይ እርማት ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይላክልኝ፣ እሑድ ለሥራ አመራሩ አስገባዋለሁ።