«ለ» ብዬ እጽፍና እቆማለሁ፤ አቤቱታ ለማን ይጻፋል?

የኮፒ ቤቷ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒም ላሚኔሽንም አለ፤ እንጀራዬ ግን ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ይነግረኛል፣ እኔ አሳምሬ እተይባለሁ። የሚያስቸግረኝ የመጀመሪያው መስመር ነው። «ለ» ብዬ እጽፍና እቆማለሁ።

ትናንት አንድ አባት መጡ። በውርስ ቤት ከወንድማቸው ጋር ተካሰው ተረተዋል። ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የውሳኔ ግልባጭ አወጡ። እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። «ልጄ፣ ለፕሬዚዳንቱ ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ለፓርላማም ድገሚው።» ደገምኩ። «ግልባጭ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ።» እሱንም አደረግኩ። ሂሳባቸውን ስቀበል ግን እጄ ከበደኝ። እውነት ከነዚህ አንዱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይሽርላቸዋል? «ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ» የሚለውን ተማሪ ቤት ሸምድጃለሁ። ማን የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፍቶብኛል። እባካችሁ በሚገባኝ ቋንቋ።

የሲቪክስ መምህር፦

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሱቅሽ ወጣ ብለሽ ሰዓት ያለበትን ሕንፃ እዪው። ፓርላማ የምንለው እሱ ነው። ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 53 መሠረት የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በየ5 ዓመቱ የምንመርጠው እሱን ነው። አባላቱ ከ550 አይበልጡም። አዲስ አበባ 23 መቀመጫ አላት። አዋጅ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትር ጠርቶ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ፤ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ይኼ ቤት እንደዚያኛው አዋጅ አያወጣም። ትልቁ ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌ ይስታሉ። «ሕግ ተርጓሚ ፍርድ ቤት ነው» ብለው ይጽፉና ያልፋሉ።

አስፈጻሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አይመረጥም። ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ሚኒስትሮቹን እሱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል።

ፕሬዚዳንቱስ? ርእሰ ብሔር ናቸው። በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለ6 ዓመት ይመረጣሉ። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሰፈርሽ መንገድ ሲዘጋጋ፣ እሳቸው የዓመቱን ስብሰባ ሊከፍቱ ነው። የጸደቀ ሕግ ለፊርማ ይሄድላቸዋል። በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ ግን ሕጉ ያለ ፊርማቸውም ይጸናል። ስለዚህ ለቤት ክርክር እሳቸው ጋ መሄድ ድካም ነው። ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን አላቸው፤ እሱ ግን ወንጀል ተፈርዶበት ለታሰረ እንጂ ለውርስ ቤት አይሆንም።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሰውዬውን አትፍረጂባቸው። የኛ ዘመን ሰው ናቸው መሰለኝ። በጃንሆይ ጊዜ ዙፋን ችሎት የሚባል ነበር። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው ንጉሡ ፊት ቀርቦ «አቤት!» ይላል። ንጉሡም ፍርዱን ሊያነሱለት ይችሉ ነበር። አባቴ ከገጠር ድረስ በእግሩ መጥቶ ደጅ ጠንቷል። ያ ልማድ ከአእምሮ አልወጣም። የዛሬው ፕሬዚዳንት ግን ዙፋን ችሎት የላቸውም።

እኔ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበርኩ። «ግልባጭ ለ» ተብሎ ስምንት ቦታ የተላከ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እናደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? «ለሚመለከተው» ብለን ፋይል ውስጥ እንከተው ነበር። ሁሉም ሌላው ያየዋል ይላል።

በረከት ከልደታ፦

ይኼ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው እንጂ! ዳኛውን የሚያቀርብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የሚሾም ፓርላማው። ታዲያ ማን ከማን ተለየ?

ጠበቃ ነኝ፦

በረከት፣ ግማሹ ልክ ነህ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። የሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች ዝርዝር ግን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው የሚመርጠው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያንን ያስተላልፋል። ተነስቶ ዳኛ ማባረርም አይችልም። ይበቃል ወይ ካልከኝ ሌላ ወሬ ነው፤ እኔም የማማበት ቀን አለኝ።

ወደ ኮፒ ቤቷ ልመለስ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሦስት እርከን አለው፦ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ። አዲስ አበባ የፌዴራል ከተማ ስለሆነች የውርስ ክርክር በአብዛኛው እዚያ ነው። የቀበሌ ቤት ጉዳይ ከሆነ ግን የከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤት አለ። አታደባልቂያቸው። ፍትሕ ሚኒስቴርም ፍርድ ቤት አይደለም። ዓቃቤ ሕግ ያለበት የአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል።

የመጨረሻ ውሳኔ ተሰጥቶ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ሰበር አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ሕገ መንግሥቴ ተጥሷል የሚል ደግሞ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያመለክታል። 11 አባላት አሉት። ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም በዚሁ መንገድ ነው ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወሰነው። ለተራ ሰውም ሠርቶ ያውቃል። የአዲስ አበባ የውርስ ቤት ክርክር ነበር። ባለጉዳዮቹ «በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቀድንም» ቢሉም እስከ ሰበር ድረስ ተረቱ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፈቃዳቸው የሌለበት ዳኝነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ግን ይኼ ቀጭን በር ነው። የተረታ ሁሉ አይገባበትም።

የኮፒ ቤቷ፦

እግዜር ይስጥልኝ! እንባ ጠባቂስ? አንዳንዱ እሱንም ጻፊልኝ ይላል።

ጡረተኛው፦

እሱ መሥሪያ ቤት ሲያጉላላሽ ነው። ወረዳው ፋይልሽን ጠፋ ካለ፣ መልስ ከከለከለ፣ እዚያ ሂጂ። ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፍርድ ቤት የያዘውን ነገር አይነካም።

የኮፒ ቤቷ፦

ዛሬ ጠዋት አባባ ተመልሰው መጡ፤ አንዱ ኮፒ ሻይ ፈሶበት። የውሳኔ ግልባጩን ለመንኳቸውና ማኅተሙን አየሁ። «የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት» ይላል። ውሳኔው ከተሰጠ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ይግባኝ የሚባል ነገር ማንም አልነገራቸውም!

ጠበቃ ነኝ፦

ጎሽ! ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እያንዳንዱ ቀን ስለሚቆጠር ነገ ዛሬ አይበሉ። እንደ ደብዳቤ አትጻፊው። እዚያ «ከሳሽ፣ ተከሳሽ» አይባልም፤ «ይግባኝ ባይ» እና «መልስ ሰጪ» ነው። ሰበር ሲደርስ ደግሞ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ይሆናል። ይኼን ያልለየ ጸሐፊ ሬጅስትራር ይመልሰዋል። ደግሞ ብቻሽን አትሞክሪው፤ ጠበቆች በነፃ የማገልገል ግዴታ አለብን። ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ፣ አድራሻዬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

የኮፒ ቤቷ፦

ላኩልኝ፣ ሱቅ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነው። የትናንቱን ሂሳብም መልሼላቸዋለሁ፤ አልቀበልም ብለው እየተጨቃጨቅን ነው።