አንድ ፓስተር ስለ መርዛማ ቆሻሻ ምን አገባው? (ስለ ቤንጃሚን ቻቪስ)

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ለወጣቶች ኅብረታችን ስለ አካባቢ ፍትሕ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ሳነብ የሬቨረንድ ቤንጃሚን ቻቪስ ስም ደጋግሞ ይመጣብኛል። «የአካባቢ ዘረኝነት» (ብክለትና መርዛማ ቆሻሻ በዘር እየተለየ ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ሲገፋ ማለት ነው) የሚለውን ቃል ያመጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። ግን የወንጌል አገልጋይ እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ? ስም ጠርቼ ብቻ ማለፍ አልፈልግም፣ የምታውቁ ዘርዘር አድርጉልኝ።

የታሪክ ወዳጅ
ከእስር ቤቱ ጀምሪ፣ እሱ ካልተነገረ ሌላው አይገባም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ቻቪስ በ1948 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኦክስፎርድ ተወለዱ። በ1971 ዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የዘር ፍትሕ ኮሚሽን እዚያው ግዛት ወዳለችው ዊልሚንግተን ከተማ ላካቸው፤ ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤት የሚደርስባቸውን በደል ተቃውመው ተነስተው ነበር። በዚያ ግርግር አንድ ግሮሰሪ ተቃጠለ። እሳቸውና ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ተከሰሱ፣ ቻቪስ እስከ 34 ዓመት ተፈረደባቸው። ዋናዎቹ ምስክሮች በኋላ ቃላቸውን ለወጡ፣ በ1980 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የግዛቷ ይቅርታ ግን እስከ 2012 ቆየ፣ ያኔ ከአሥሩ አራቱ በሕይወት የሉም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን፣ እስረኛ ሆነው ዱክ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ በሥነ መለኮት ማስተርሳቸውን መያዛቸው ነው።

ከካሮላይና
ወደ ቆሻሻው ልምጣ። በ1978 እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሰዎች ፒሲቢ የተባለውን መርዛማ የትራንስፎርመር ኬሚካል የያዘ ወደ 31,000 ጋሎን ዘይት ሌሊት ሌሊት ከመኪና እያፈሰሱ ከ200 ማይል በላይ የመንገድ ዳር በከሉ። በሕጋዊ መንገድ ማስወገዱ ገንዘብ ያስወጣል፣ ያንን ለመሸሽ ነው። ግዛቱ የተበከለውን አፈር ዛቅ አድርጎ ዋረን ካውንቲ፣ አፍተን የሚባል ቦታ ሊቀብረው ወሰነ። የሚበዛው ነዋሪ ጥቁር ነው፣ ድሃ ነው፣ የሚጠጣውም የጉድጓድ ውኃ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃው ደግሞ ለመቅበሪያው በጣም ቅርብ ነበር።

መስከረም 1982 መኪኖቹ ሲመጡ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ተኛባቸው። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆየ፣ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። ቻቪስን መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆማቸው። ጥፋታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀስ ብለው መንዳታቸው! እሳቸው እንደሚሉት «ይሄ እኮ የአካባቢ ዘረኝነት ነው» የሚለው ሐሳብ የመጣላቸው እዚያው እስር ቤት ውስጥ ነው።

ቃል ብቻውን ማንንም አያሳምንም፣ ቁጥር ያስፈልጋል። የዘር ፍትሕ ኮሚሽኑ በእሳቸው መሪነት መላ አሜሪካን በዚፕ ኮድ (በፖስታ አካባቢ ቁጥር) እየለየ አጠናና በ1987 ውጤቱን አወጣ። የንግድ መርዛማ ቆሻሻ ማስወገጃዎች የት እንደሚቀመጡ በመተንበይ ከገቢም ከቤት ዋጋም ይልቅ ዘር በልጦ ተገኘ። አንድ ፓስተር «በደል አለ» ሲል ስሜት ነው ይሉታል፣ ካርታ ሲያነጥፍ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

መልስ ለ«ከካሮላይና»
ሁሉንም ቻቪስ ላይ ባንጭነው ደስ ይለኛል። ሰልፎቹ የሚነሱት ከኮሊ ስፕሪንግስ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ መንገድ ላይ የተኙትም የአካባቢው እናቶችና ገበሬዎች ናቸው። ያኔ የኮንግረስ ተወካይ የነበሩት ፓስተር ዋልተር ፎንትሮይም እዚያ ታስረው ሲመለሱ ነው የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዲያጠና ያደረጉት። በ1983 የወጣው ውጤት፦ በደቡብ ምሥራቅ ከተጠኑት አራት መቅበሪያዎች ሦስቱ ጥቁሮች በሚበዙበት ቦታ ናቸው።

ሌላው ደግሞ፣ ትግሉ ያኔ አላሸነፈም። መርዙ ተቀበረ። የጸዳው ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2003 ገደማ ነው። ይህን ብትዘይው ወጣቶቹ ነገሩ በአንድ ሰልፍ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በቃ ከመኪናዋ እጀምራለሁ፦ ቀስ ብሎ በመንዳት የታሰረ ፓስተር። ከዚያ አስፋልቱ ላይ የተኙትን፣ ከዚያ ካርታውን። 2003ንም አልዘልም። የ1991ዱ የዋሽንግተን የአካባቢ ፍትሕ ጉባኤ ላይ ስለጸደቁት 17 የአካባቢ ፍትሕ መርሆዎች የሚያውቅ ካለ፣ እስከ ቅዳሜ ጻፉልኝ።