ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር ሲበሩ ሳያውቁ ቁጥጥር ወደሚደረግበት የአየር ክልል መግባት

ጠያቂ፦ የዓባይ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ዳር ነዋሪ ስሆን ለግል አብራሪነት ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ለልምምድ ያህል ከጎርጎራ ተነሥቶ ጣናን በማቋረጥ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ፣ በዐይን እይታ የሚመራ የበረራ ዕቅድ በካርታ ላይ አዘጋጅቻለሁ። ርቀቱ 38 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው) ገደማ ሲሆን አቅጣጫው ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ደቡብ ነው። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጂፒኤስ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን የትንንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ያለ ፈቃድ ቁጥጥር ወደሚደረግበት የአየር ክልል እንዴት እንደሚገቡ ነው። በእኔ ዕቅድ ላይስ ስሕተቱ የት ሊፈጠር ይችላል?

መልስ፦ ደቅ እስጢፋኖስ

በቅድሚያ የምጠይቅዎ ጊዜውን በየትኛው ፍጥነት እንዳሰሉት ነው። የጣና ውሃ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ በ8,500 ጫማ ከፍታ ቢበሩ ከሐይቁ በላይ የሚኖርዎት ከ2,600 ጫማ ብዙም አይበልጥም፤ አየሩ ግን ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። በየ1,000 ጫማው 2 በመቶ መጨመር የተለመደ ግምት ስለሆነ፣ መለኪያው 90 ኖት (በሰዓት 90 ኖቲካል ማይል) ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚጓዘው 105 ኖት ያህል ነው።

ነፋስ የለም ብንል እንኳ፣ ማረፊያው 10 ማይል ሲቀረው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን በሬዲዮ ለመጥራት ያሰበ አብራሪ በ90 ኖት አስልቶ በዕቅዱ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ይጽፋል። ያ ደቂቃ ሲደርስ ግን ዘጌ ላይ ነው፤ ለማረፊያው የቀረው ርቀትም 6 ማይል ያህል ብቻ ስለሆነ ማማውን ሳይጠራ ወደ ክልሉ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በየብስ ላይ ቢሆን መንገዱ፣ ወንዙና ከተማው አስቀድመው ያስጠነቅቁት ነበር፤ በውሃ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምልክት ጥቂት ነው። የደቅ ደሴት ከታሰበው ሰዓት ቀድሞ ሲታይ ብዙዎች ሰዓታቸውን ከማረም ይልቅ ደሴቱን ይጠራጠራሉ፤ ለእኔ ዋናው ስሕተት ይህ ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን ደቅን ሳያልፉ ይክፈቱ፤ የክልሉን ትክክለኛ ወሰንም በሥራ ላይ ካለው የበረራ መረጃ ሰነድ ይውሰዱ።

መልስ፦ በርቀት ያለሁ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ጂፒኤስ በምድር ላይ ያለዎትን ፍጥነት ስለሚያሳይ የሰዓቱን ችግር ያቃልላል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው የአየር ክልል መረጃ በየ28 ቀኑ የሚታደስ በመሆኑ ያልታደሰ መሣሪያ አሮጌ ወሰን ሊያሳይ ይችላል። ወሰኑ ወደ ላይም እንዳለ አይዘንጉ፤ በከፍታ መለኪያው ላይ የሚሞላው የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሳሳት ከፍታው በ30 ጫማ ያህል ይዛባል።

በአሜሪካ የሠለጠኑ ወገኖቻችን ሊያጤኑት የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። እዚያ ሲ እና ዲ በሚባሉት፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአየር ክልል ደረጃዎች ተቆጣጣሪው የጥሪ ስምዎን ጠርቶ ከመለሰልዎት፣ "ይጠብቁ" ቢልዎትም እንኳ፣ መግባት ይፈቀዳል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ግን በእነዚህ ክልሎች ለመግባት ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦ የዓባይ ማዶ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቅዱን በእውነተኛው ፍጥነት እንደገና አሰላለሁ። ከገባሁ በኋላ ባውቅስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደቅ እስጢፋኖስ

ወዲያውኑ ይናገሩ። የጥሪ ስምዎን፣ ያሉበትን ቦታና ከፍታዎን ነግረው መመሪያውን ይከተሉ። ተቆጣጣሪው መንገደኞችን የጫነውን አውሮፕላን ከእርስዎ ማራቅ የሚችለው የት እንዳሉ ሲያውቅ ነው፤ በዝምታ ሹልክ ብሎ ለመውጣት መሞከር ይህን ዕድል ይነፍገዋል። ማማውን በመደበኛው ሞገድ ማግኘት ካልቻሉ በአስቸኳይ ጊዜ ሞገዱ፣ በ121.5 ሜጋኸርዝ፣ ይጥሩ፤ ሬዲዮው ጭራሽ ካልሠራ ትራንስፖንደሩን (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀውን መሣሪያ) የሬዲዮ ብልሽት ምልክት በሆነው 7600 ላይ ያድርጉ።