በቺያንቲ ኮረብታዎች የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ፦ 209 ኪሎ ሜትር እንችላለን?

ፖ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጣሊያን፣ ፌራራ ነው። እዚህ ብስክሌት እንጂ ዳገት የለም። መስከረም መጨረሻ ላይ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እሱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንጦጦን የሚወጣ ልጅ ነው። የእኔ ረጅሙ ጉዞ ግን በፖ ወንዝ ዳር 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም ሜዳ ለሜዳ። የማንረሳው አንድ ቀን ይኑረን ብለን ቶስካና ውስጥ ያለውን ቺያንቲን መረጥን። ኤሮይካ የሚባለው የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ የሚሄድበት 209 ኪሎ ሜትር መንገድ ዓመቱን ሙሉ ምልክት ስላለው ከጋይዮሌ ከተማ ተነስተን በአንድ ቀን ልንዞረው አስበናል። ቀኑ ከመስቀል በኋላ ያለው እሁድ ነው። ቦታውን የምታውቁ ቁርጡን ንገሩኝ። አትችሉም ካላችሁም አልቀየምም።

ባለ ኮረብታው
ወንድሜ፣ 209ኙን ለዚህ ዓመት ተወው። የምልህ ካየሁት ነው።

ቺያንቲ ውስጥ ትልቅ ተራራ የለም። ጋይዮሌ 360 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ራዳ 530፣ ካስቴሊና 578። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቁጥር ምንም አይመስልም። ችግሩ ግን መንገዱ አንድ ዳገት ወጥተህ የምትገላገለው አይደለም፤ ትወጣለህ፣ ትንፋሽህ ሳይመለስ ትወርዳለህ፣ ከታች ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ እንደገና ዳገት ነው፣ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። ሜዳ የለመደ እግር አንድ ዓይነት ምት ነው የሚያውቀው፤ እዚያ ደግሞ ምቱ በየአምስት ደቂቃው ይቆረጣል። በዚያ ላይ የ209ኙ ብዙው ክፍል ነጭ የጠጠር መንገድ ነው። በዚያ ሰሞን የቀን ብርሃን 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የኤሮይካ ሰዎች ራሳቸው ረጅሙን መስመር ለመጨረስ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሱት፣ ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚያወጣውን ዳገት በሻማ ብርሃን ነው የሚወጡት።

እኔ ብሆን ከሲዬና ተነስቼ በብሮሊዮ፣ በጋይዮሌ፣ በራዳ፣ በካስቴሊና አድርጌ በቁጥር 222 መንገድ ወደ ሲዬና እመለሳለሁ። 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቀላል እንዳይመስልህ፣ ማታ እግርህ ይነግርሃል። ራዳ ስትደርሱ ጉልበት ካላችሁ ከበላዩ ያለችውን ቮልፓያን ጨምሩ፤ ትንሽ የድንጋይ መንደር ናት፣ መውጫዋ ቆንጠጥ ያደርጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት እያወራችሁ ንዱ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የአጎትህ ልጅ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ነው፤ ሲዬና 300 ሜትር ላይ ሲወርድ ትንፋሹ ይሰፋለታል፣ ዳገት ላይ ጥሎህ ይሄዳል። አትከተለው። ጫፍ ላይ ይጠብቅህ፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ሌላው ደግሞ ቀኑ። የኦክቶበር የመጀመሪያው እሁድ የኤሮይካ ቀን ነው። ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ነው፤ ከ1987 በፊት በተሠሩ ብስክሌቶች የሚነዱ ሰዎች ከዓለም ዙሪያ ጋይዮሌ ይሰበሰባሉ። ማየት ከፈለጋችሁ ደስ ይላል። ለብቻችሁ ለመንዳት ግን ያ እሁድ አይሆንም፣ ማደሪያም አታገኙም።

ማርኬ ነኝ
ቀኑን መቀየር ካልቻላችሁ ወደ እኛ ክልል፣ ወደ ማርኬ ኑ። የእኛም ኮረብታ ያው ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ሰው ግን አይበዛበትም። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2022 የጣሊያን ዙር በሆነው ጂሮ የአንዱን ቀን ውድድር ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ያሸነፈው እዚህ ጄሲ ከተማ ላይ ነው። ያን ቀን ያለቀስነውን አልረሳውም። በእነዚያ መንገዶች መንዳት ለእኛ ሰው ሌላ ስሜት አለው።

የፊሬንዜዋ
ስለ ውኃ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልናገር። ባለፈው ዓመት ሁለት ኮዳ ይዤ በዚያው በራዳ አካባቢ ስነዳ ውኃዬ አለቀ። ከሰዓት 7 ተኩል ነበር፣ በፈረንጅ 1 ተኩል። ሱቁ ዝግ፣ ቡና ቤቱ ዝግ። የገጠር ሱቅ በምሳ ሰዓት ዘግቶ የሚከፍተው አመሻሽ ላይ ነው። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ወይን የሚለቅሙ አንድ አባት ጠየቅኩ፤ በመቀስ የያዙትን ዘለላ ሳይለቁ በአገጫቸው ኮረብታው ላይ ቀጥ ብለው ወደቆሙት ጥዶች አሳዩኝ። ሄድኩ። መካነ መቃብር ነው። ከበሩ ገባ ብሎ ለአበባ ማጠጫ የተተከለ ቧንቧ አለ፣ አጠገቡ አረንጓዴ ላስቲክ ባልዲዎች ተሰቅለዋል። ቀዝቃዛ ውኃ! ከዚያ ወዲህ ካርታ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው መካነ መቃብር ነው። «ኖን ፖታቢሌ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም፣ ራስና አንገት ማራሻ ብቻ ነው።

ምግብ ደግሞ ሳይርባችሁ ብሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ራበኝ ካልክ በኋላ ዳገቱ አይጠብቅህም። የአጎትህን ልጅ በሶ አምጣ በለው! በማር አሽታችሁ፣ ጨው ነገር አድርጋችሁበት፣ እንደ እንቁላል አድቦልቡላችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። ኪስ ውስጥ አይቀልጥም፣ ሆድም አይረብሽም። እኔ ብስክሌተኞች ለጉልበት በሚወስዱት የሱቅ ጄል አልቀይረውም።

ሰንሰለት
ስለ ማርሽ ባትጠይቅም እኔ ልጨምር፣ ዋናው እሱ ነው። የፌራራ ብስክሌትህ ለሜዳ የተሠራ ከሆነ ከኋላ ያለውን ጥርስ ቀይረው። ከፊት 34፣ ከኋላም 34 ቢሆን ጉልበትህን ታተርፋለህ። ጎማው 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነጩ መንገድ ላይ በቀጭን ጎማ በጣም የተነፋ ብስክሌት ይዘላል፣ ትንሽ አስተንፍሱት። ቁልቁለቱ ጠጠር ከሆነ ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ያዙ፣ መታጠፊያው ውስጥ የፊቱን አትንኩ። እኔ አንዴ ነክቼ ክርኔ ተልጦ መጥቻለሁ።

ከመነዳሪ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ያዙ፣ መንፊያም እንዲሁ። እሁድ ብዙው ብስክሌት ጠጋኝ ዝግ ነው። የአጎትህ ልጅ ቋንቋ ቢቸግረው እንኳ ጎማ፣ ፍሬን፣ ከመነዳሪ ካለ ይገባቸዋል፣ ቃሉ ከእነሱው የመጣ ነው።

ፖ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። 209ኙ ቀረ። የ80ውን ዙር እናደርጋለን፣ ቀኑንም ወደሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ገፋነው። በሶውን ነገርኩት፣ እናቴ ታዘጋጃለች አለ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ባቡር ላይ ብስክሌት እንዴት ነው? በዚያው ጠዋት ብንመጣስ?

ባለ ኮረብታው
በዚያው ጠዋት አይሆንም፣ ግማሽ ቀኑ ባቡር ላይ ያልቃል። አርብ ማታ ሲዬና እደሩ። የክልል ባቡር ያዙ፣ የብስክሌት ምልክት ያለበት ፉርጎ ፈልጉ፣ ለብስክሌቱም ትኬት ቁረጡ። ፈጣኑ ባቡር ብስክሌቱ ተፈትቶ ቦርሳ ካልገባ አይቀበልም። ከፊሬንዜ ሲዬና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጣቢያው ከከተማው በታች ስለሆነ ሻንጣ አታብዙ።

ስትመለሱ ጉልበት ከተረፋችሁ ዞር ብላችሁ በፎንቴብራንዳ በር ግቡ። ስትራዴ ቢያንኬ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች ካምፖ አደባባይ ላይ ከመጨረሳቸው በፊት የሚወጡት የሳንታ ካተሪና መንገድ እሱ ነው፤ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ እስከ 16 በመቶ ይቆማል። ቀላሉን ማርሽ ከበሩ በፊት አስገቡ። ካምፖ አደባባይ ስትደርሱ ግን ውረዱና ግፉ፣ ቅዳሜ ማታ ሕፃናት ይሮጡበታል።