«ሁለት መስመር ብቻ ነው» ያለውን ሰው አምጡልኝ

ስምንት ጊጋ፦ ቅዳሜ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ማን እንዳዘጋጀው ይቅር። ዶከርን ግዴታ አድርገውታል፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ኮንቴይነር» በሚባል ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው፤ ዶከር ዴስክቶፕ ደግሞ የሱ ባለመስኮት ስሪት። አሰልጣኙ «ዶከር ዴስክቶፕ ለመጫን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ይሄ ካቃተህ ዴቨሎፐር ነኝ አትበል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ። ሠላሳ ነበርን። ግማሻችን እስከ ምሳ ድረስ የዶከር አርማ የሆነችው ዓሣ ነባሪ ስትንቀሳቀስ እያየን ተቀመጥን። እየተነሳሁ ነው ትላለች፣ አትነሳም። ለጀማሪ ስልጠና ዶከርን ግዴታ ማድረግ ምን የሚሉት ነው?

ጥቁር ስክሪን፦ ትክክል የሚሉት ነው። አንዱ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ስሪት 12፣ ሌላው 16 ጭኖ ይመጣና «እኔ ጋ ይሠራል» እየተባባሉ ግማሽ ቀን መጨቃጨቅ ናፈቀህ? አሰልጣኙ አልዋሸም። ሁለት መስመር ነው።

ስምንት ጊጋ፦ እሺ እንቁጠር። አንድ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ ቨርቹዋላይዜሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስኬጃውን) ታበራለህ። በኤፍ2 ይሁን በኤፍ10 እንደ ላፕቶፑ ነው። ሁለት፣ ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን) ትጭናለህ። በቃ፣ ሁለቱ አለቀ። ሪስታርቱና ግማሽ ጊጋ የሚሆነውን ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረዱ እንደ ምርቃት ይቆጠር?

ጥቁር ስክሪን፦ የምትቆጥረው የዊንዶውስን ጣጣ ነው። ትተኸው ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫንና ተገላገል።

ሻይ በሎሚ፦ ኡቡንቱ የጫነ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ነው ወንድሜ። ራስህን ዶከርን መጠቀም በተፈቀደለት «ዶከር ግሩፕ» ውስጥ ታስገባለህ፣ ከዚያ ሎግ አውት ብለህ ትመለሳለህ። ያቺን ሎግ አውት ማንም አይነግርህም። ደግሞ እዚያ ግሩፕ ውስጥ መግባት ሩት (ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው) ከመሆን አይተናነስም ብሎ ለጀማሪ የሚነግር አሰልጣኝ አሳየኝ።

ስምንት ጊጋ፣ ራምህን የሚበላብህ «ቪኤምሜም» የሚባለው የደብሊውኤስኤል ሥራ ነው። ታስክ ማናጀር ክፈትና እየው። ደብሊውኤስኤል ዝም ካልከው እስከ ራምህ ግማሽ ይወስዳል። 4 ለሱ፣ የቀረው ለዊንዶውስና ለክሮም። የተጠቃሚ ፎልደርህ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ደብሊውኤስኤልኮንፊግ» የሚል ፋይል ፍጠር። «ደብሊውኤስኤል2» ከሚለው ርዕስ ሥር ሜሞሪውን 3 ጊጋ አድርግና ደብሊውኤስኤልን ዘግተህ ክፈት። በኖትፓድ ስታስቀምጠው ግን መጨረሻው ላይ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይለጥፍብሃል። ኤክስቴንሽኑ ስለተደበቀ አታየውም። እኔ ሁለት ቀን አቃጥዬበታለሁ።

ስምንት ጊጋ፦ ስድስተኛው መስመር ላይ ደርሰናል። ቆጣሪው እየሠራ ነው።

ጥቁር ስክሪን፦ 8 ጊጋ ይዘህ ምን ታደርግ? ራም ጨምር።

ስምንት ጊጋ፦ «ጨምር» ማለት ምን ገዶህ። የኔ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ላፕቶፑን ልጨምርልህ?

ደሞዝ ቀን፦ ቆይ፣ የፈቃዱን ነገር ማንም አያነሳም? እ.ኤ.አ. ከ2021 ነሐሴ ወዲህ ዶከር ዴስክቶፕ ከ250 በላይ ሠራተኛ ላለው ወይም በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያስገባ ድርጅት በክፍያ ነው። ለተማሪ ነፃ ነው፣ አልካድኩም። ግን ዛሬ ያስለመድከው ልጅ ነገ ባንክ ተቀጥሮ እሱኑ ይጭናል። የዶከርን ሥራ በነፃ የሚሠራው ፖድማን እያለ!

ጥቁር ስክሪን፦ መጣ የፖድማን ሰባኪ። ፖድማንም ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል ይፈልጋል። ታዲያ ምን ለወጥክ?

ደሞዝ ቀን፦ ደረሰኝ አይመጣብኝም። ዶከር ኢንጂን ራሱ እኮ ነፃ ነው፤ የሚያስከፍሉህ ለመስኮቱ ነው።

ፍላሽ ያዥ፦ ሁላችሁም ዋናውን ሳታችሁት። ሠላሳ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ናችሁ አይደል? ኢሜጅ (የኮንቴይነር መነሻ ጥቅል) የሚወርድበት ዶከር ሃብ ሎግ ኢን ላላደረገ ሰው በ6 ሰዓት 100 ፑል (ማውረድ) ነው የሚፈቅደው፣ ያውም በአይፒ፤ አንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠራል። የሚነሱትን ኮንቴይነሮች የሚዘረዝረው ኮምፖዝ ፋይላችሁ ውስጥ አራት ኢሜጅ ካለ 120 ሆናችሁ። የመጨረሻዎቹ አምስት ልጆች «ቱ ሜኒ ሪኩዌስትስ» (ጥያቄ በዝቷል) ይላቸዋል፣ ጥፋቱ የነሱ ይመስላቸዋል። እኛ ጋ አንድ ሰው ቤቱ ያወርዳል፣ በዶከር ሴቭ ፋይል ያደርገዋል፣ በፍላሽ ይዞራል፣ ሁሉም በዶከር ሎድ ያስገባል። ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ጥቁር ስክሪን፦ ሴቭና ሎድ! አያችሁ? ሁለት መስመር።

ስምንት ጊጋ፦ ፍላሹን የሚያዞረውን ሰው መስመር ውስጥ አናስገባውም?

ሻይ በሎሚ፦ ከርዕስ ልውጣ። እናቴን «ኮንቴይነር እየሠራሁ ነው» ብላት ሱቅ የከፈትኩ መስሏት መርቃኛለች።

ፍላሽ ያዥ፦ ሱቁ ይሻልሽ ነበር፣ ቢያንስ መብራት ሲሄድ ሻማ ትሸጪያለሽ።

ደሞዝ ቀን፦ ቀልዱን ተዉትና የፈቃዱን ጥያቄ መልሱ።

ስምንት ጊጋ፦ ሰበር ዜና። 3 ጊጋ አደረግኩት፣ «ነጥብ ቲኤክስቲ»ውንም አጠፋሁ፣ ዓሣ ነባሪዋ ተነሳች። ሻይ በሎሚ፣ እጅሽ ይባረክ። አሁን ደግሞ ፖርት 5432 (ፖስትግሬስ የሚገናኝበት በር) ተይዟል ይለኛል።

ጥቁር ስክሪን፦ ዱሮ የጫንከው ፖስትግሬስ ነው የያዘው። ሰርቪሱን አጥፋው። አንድ መስመር ነው።