ክርክር፦ የቻይና፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ጉባኤ የማይሰረዝ ቀን ይቆረጥለት?

አወያይ፦
የዛሬ መከራከሪያችን የሰሜን ምሥራቅ እስያ ሦስት ጎረቤታሞች ናቸው። የቻይና፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መሪዎች በ2008 በጃፓኗ ፉኩኦካ ከተማ ራሱን የቻለ የሦስትዮሽ ጉባኤ ሲጀምሩ ሐሳቡ በየዓመቱ በየተራ እየተጋበዙ መገናኘት ነበር። እስከ ሜይ 2024ቱ የሴኡል ጉባኤ ድረስ የተገናኙት ግን 9 ጊዜ ብቻ ነው። ጥያቄው፦ ምንም ጠብ ቢነሳ የማይሰረዝ ቀን ይቆረጥለት? ወይስ የታሪክና የደኅንነት ቅራኔዎቹ ሳይፈቱ ቀን መቁረጥ ዋጋ የለውም? ዓመቱን ሁላችንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጻፍ፤ ያለዚያ እንደናገራለን።

ማዕበል፦
ይቆረጥለት ባይ ነኝ። ክፍተቶቹን ተራ በተራ እንያቸው። ኦገስት 2012 የኮሪያው ፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ ኮሪያውያን ዶክዶ፣ ጃፓኖች ታኬሺማ በሚሏት ደሴት ላይ ወረዱ። በወሩ የጃፓን መንግሥት ቻይናዎች ዲያዩ ከሚሏቸው የሴንካኩ ደሴቶች ሦስቱን ከግል ባለቤታቸው ገዛ። ከሜይ 2012 የቤጂንግ ጉባኤ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ዝም ተባለ። ከ2015 እስከ 2018 ደግሞ ታድ የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳኤል በኮሪያ መተከሉ ቻይናን አስቆጣ፤ በመሐሉም የኮሪያዋ ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን ሄ በፓርላማ ተከሰው ከሥልጣን ታገዱ። በቻይናዋ ቼንግዱ ከተማ ከተደረገው የዲሴምበር 2019 ጉባኤ በኋላ ኮቪድ መጣ፣ የቶኪዮና የሴኡል ጠብም ተጨመረበት፤ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሄደ።

ልብ በሉ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሁለት አገሮች ጠብ ሦስተኛውን አብሮ ያስራል። ምክንያቱ የአሠራር ጉድለት ነው። አስተናጋጁ ቀን የሚቆርጠው ሁለቱም እንግዶች እሺ ሲሉ ነው፤ አንዱ ዝም ካለ ተራው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ኮሪያ በ2020 የደረሳትን ተራ እስከ 2024 ይዛ የቆየችው ለዚህ ነው። እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው፦ ዓመቱ ሲያልቅ ሊቀመንበርነቱ ጉባኤ ተደረገም አልተደረገም ይለፍ፤ መሪ መምጣት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ደግሞ ተወካይ ይላክ።

ሰንደቅ፦
ማዕበል፣ ቆጠራህ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የመጨረሻውን ጠብ ሥሩን እንየው። ኦክቶበር 30 ቀን 2018 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጃፓኑ ብረት አምራች ኒፖን ስቲል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በግዳጅ ላሠራቸው አራት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ዎን እንዲከፍል ፈረደ። ጃፓን ከኮሪያ ጋር ባደረገችው የ1965ቱ ስምምነት 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር በብድር ሰጥቻለሁ፣ ጉዳዩ ያኔ ተዘግቷል ትላለች። ጁላይ 2019 ወደ ኮሪያ በሚላኩ ሦስት ኬሚካሎች ላይ ቁጥጥሯን አጠበቀች፦ የቺፕ ሰሌዳ የሚታጠብበት ሃይድሮጅን ፍሎራይድ፣ በቺፑ ላይ የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ንድፍ የሚታተምበት ፎቶሬዚስት፣ ለስክሪን የሚሆነው ፍሎሪን የገባበት ፖሊይሚድ። ቀደም ሲል በጥቅል ፈቃድ ይላክ የነበረው በእያንዳንዱ ጭነት ማመልከቻ የሚጠየቅበት፣ ምርመራውም እስከ 90 ቀን ሊወስድ የሚችል ሆነ። ኮሪያም ከጃፓን ጋር ያላትን የወታደራዊ መረጃ ልውውጥ ውል አቋርጣለሁ አለች።

አሁን ጥያቄዬ፦ ይህ ሁሉ እየነደደ የቼንግዱ ጉባኤ ተደርጎ የለም ወይ? ምን ፈታ? የፈታው በማርች 2023 የኮሪያ መንግሥት ካሳውን በኮሪያ ኩባንያዎች መዋጮ በአንድ ፋውንዴሽን በኩል እከፍላለሁ ብሎ ትልቅ የፖለቲካ ዋጋ መክፈሉ ነው። የሦስትዮሹ በር የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ማዕበል፦
ቼንግዱን ራስህ ስላነሳህልኝ አመሰግናለሁ። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር አቤና የኮሪያው ፕሬዚዳንት ሙን ጄ ኢን በ15 ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ለንግግር የተቀመጡት እዚያ ነው። ከጉባኤው አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 20፣ ጃፓን በፎቶሬዚስት ላይ የጣለችውን ቁጥጥር በከፊል አላላች። ወደ ተጣላህ አገር ዋና ከተማ መሄድ አገር ቤት እንደ መንበርከክ ይቆጠርብሃል። ሦስተኛው አገር ሲጋብዝ ግን ማንም ለማንም ሳይሸነፍ ይገናኛል። የጉባኤው ጥቅም ይኸው ነው።

ጠል፦
ሁለታችሁም ስለ መሪዎች ብቻ ነው የምታወሩት። የአካባቢ ሚኒስትሮቹን ስብሰባ እዩልኝ። ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የታጎለው በአንድ ዓመት፣ በ2020 ብቻ ነው፣ እሱም በወረርሽኙ። በ2013 በጃፓኗ ኪታኪዩሹ ከተማ ሲሰበሰቡ የደሴቶቹ ጠብ የጋለበት ሰዓት ነበር፤ ቻይና በሚኒስትሯ ፈንታ ምክትሉን ላከች፣ ስብሰባው ግን ተካሄደ። ስለዚህ ማዕበል የሚለው የተወካይ መንገድ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም፣ ተሞክሯል።

ምን እንደሚበላሽም ልንገራችሁ። ሦስቱ አገሮች ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን አብረው ያጠናሉ። ሪፖርቱ በ2018 ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ቻይና መረጃው ያረጀ ነው ብላ ተቃወመች። የወጣው በ2017 መረጃ ታድሶ ኖቬምበር 2019 ነው። የየአገሩ ተመራማሪዎች በየራሳቸው ሞዴል ሠርተው ውጤቱ በአማካይ ተቀመጠ፦ በሴኡል፣ በዴጆንና በቡሳን አየር ውስጥ ካለው ጥቃቅን ብናኝ 32 በመቶው ከቻይና፣ 51 በመቶው ከኮሪያ ከራሷ። ከዚያ በፊት በሴኡል ጎዳና አቧራው በሙሉ የቻይና ነው ሲባል፣ ከቤጂንግ ደግሞ የእኛ አይደለም የሚል መልስ ይመጣ ነበር። ሦስቱም መንግሥታት አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሲቀበሉ ሁለቱም አባባል ወደቀ። እኔ ይህን ከአሥር የመሪዎች መግለጫ አስበልጠዋለሁ።

ቀስተ ደመና፦
እህት ጠል፣ የባለሙያ ትብብር ሁሉ እንደዚያ ይሠራል እንዳይባል ግን ገንዘቡን ልጨምር። ቺያንግ ማይ የሚባለው የጋራ የገንዘብ መጠባበቂያ ሦስቱ አገሮች ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር (አሴአን) ጋር ያቋቋሙት ሲሆን ከ2014 ጀምሮ 240 ቢሊዮን ዶላር ነው። እስካሁን አንድም አገር አንድም ዶላር አውጥቶበት አያውቅም። ለምን? አንደኛ፣ አንድ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ የለም፤ እያንዳንዱ ማዕከላዊ ባንክ ሲጠየቅ እሰጣለሁ ብሎ የገባው ቃል ነው። ሁለተኛ፣ አንድ አገር ከድርሻው 40 በመቶ በላይ ከፈለገ መጀመሪያ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት። ኮሪያውያን ደግሞ ከ1997ቱ ቀውስ ወዲህ አይኤምኤፍ የሚለውን ስም መስማት አይፈልጉም። ስለዚህ ኮሪያ ዶላር ሲያጥራት በ2008 ወደ አሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ሄዳ 30 ቢሊዮን፣ በ2020 ደግሞ 60 ቢሊዮን ዶላር የገንዘብ ልውውጥ ውል ተዋዋለች። በ2008 ገና የሁለት አገሮች ውሎች ስብስብ የነበረውን፣ በ2020ም የጋራ መጠባበቂያ የሆነውን ቺያንግ ማይን አልነካችም።

ይሁንና አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። ማን ብዙ ያዋጣ በሚለው ላይ ቻይናም ጃፓንም አንደኛ መሆን ፈለጉ። መፍትሔው እንዲህ ሆነ፦ ጃፓን 32 በመቶ፤ ቻይና 28.5 በመቶ፣ ሆንግ ኮንግ ለብቻዋ 3.5 በመቶ። ጃፓን ከማንም አገር በላይ አዋጣሁ ትላለች፤ ቻይናም ከሆንግ ኮንግ ጋር ደምራ እኩል ነኝ ትላለች። ኮሪያ 16 በመቶ ይዛ መሐል ላይ ናት። የክብር ጥያቄ በስሌት ሊፈታ እንደሚችል ያየነው እዚህ ነው።

ሰንደቅ፦
ጠል፣ ምክትል ሚኒስትር መላክ ለአቧራ ይሠራል። ለመሪዎች ግን አይሠራም፤ ቻይና አሁንም ቢሆን ወደዚህ ጉባኤ የምትልከው ፕሬዚዳንቷን ሳይሆን ጠቅላይ ሚኒስትሯን ነው። በ2024 የመጡት ሊ ቺያንግ ናቸው፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን ሺ ጂንፒንግ ዘንድ ነው። ከዚያም ዝቅ ያለ ተወካይ ከመጣ ምን ይወሰናል? የ2024ቱን መግለጫ አንብቡት። በኮሪያ ልሳነ ምድር ኒውክሌር ላይ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አቋም ደገሙ ከማለት አላለፈም። ሰሜን ኮሪያ ሳተላይት የጫነ ሮኬት የተኮሰችው በዚያው ቀን ማታ ነው፤ ሮኬቱ በአየር ላይ ፈነዳ።

ትኩሱን ደግሞ እንይ። ጃፓን ኦገስት 24 ቀን 2023 የፉኩሺማ ኒውክሌር ጣቢያን የተጣራ ውሃ ወደ ባሕር መልቀቅ ስትጀምር ቻይና የጃፓንን የባሕር ምግብ በሙሉ አገደች። በሴፕቴምበር 2024 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ማዕቀፍ ናሙና እንዲወሰድ ተስማሙ። ጁን 2025 ቻይና ከ47ቱ የጃፓን ግዛቶች ለ37ቱ በሩን ከፈተች፤ ፋብሪካው መመዝገብ፣ ጭነቱም የጨረር ምርመራ ሰርተፍኬት መያዝ ነበረበት። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው 6 ቶን የቀዘቀዘ ስካሎፕ የተባለ የባሕር ምግብ ከጃፓኗ ሆካይዶ ተጫነ። ኖቬምበር 7 የጃፓኗ ጠቅላይ ሚኒስትር ታካይቺ ስለ ታይዋን በፓርላማ ቻይናን ያስቆጣ መልስ ሰጡ፤ በ12 ቀን ውስጥ የዓሣው በር ተመልሶ ተዘጋ። ሁለት ዓመት የለፋ የባለሙያ ሥራ አንድ የፓርላማ መልስ አልቻለም። የሦስቱ የባህል ሚኒስትሮች ስብሰባ እንኳ በዚያው ወር ተላለፈ።

ማዕበል፦
ያ ስምምነት የሁለት አገሮች ብቻ ነበር፤ የወደቀውም ለዚህ ነው። ኮሪያ ራሷ ከ2013 ጀምሮ የስምንት የጃፓን ግዛቶችን የባሕር ምግብ ታግዳለች፣ በ2019ም በዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ረትታለች። ጉዳዩ የሦስቱም ሆኖ ሳለ በሁለት ጠረጴዛ ተከፈለ። እንደ አቧራው ሪፖርት ሦስቱ አንድ የናሙና አወሳሰድና አንድ የላቦራቶሪ መለኪያ ቢኖራቸው፣ ቤጂንግ በሩን ልትዘጋ ትችላለች፣ ጤና ነው ማለት ግን አትችልም።

ጠል፦
ይህን የሚያስተባብር ቢሮ አላቸው እኮ። የሦስትዮሽ ትብብር ሴክሬታሪያት ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ ሴኡል ውስጥ አለ። ወጪውን ሦስቱ እኩል ሲሶ ሲሶ ይከፍላሉ፤ ዋና ጸሐፊው በየሁለት ዓመቱ ከየአገሩ ይፈራረቃል፣ የቀሩት ሁለቱ ምክትል ይሾማሉ። የቀረው ነገር ቀን የመቁረጥ ሥልጣን ነው። አሁን ሥራው ጉባኤውን ማገዝ እንጂ መጥራት አይደለም።

ቀስተ ደመና፦
እሱ ላይ ከጠል ጋር ነኝ። ጠባብ ሥልጣን ቢሆን ይሻላል፦ አስተናጋጁ እስከ ሴፕቴምበር ቀን ካልቆረጠ ሴክሬታሪያቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹን ይጥራ። ማርች 2025 ቶኪዮ ላይ ተገናኝተዋል፤ በዚያ ደረጃ መቀመጥ ለማንም የክብር ጥያቄ አይሆንም።

ሰንደቅ፦
የሚኒስትሮቹን ጥሪ እቀበላለሁ። ሊቀመንበርነቱ ዲሴምበር 31 ይለፍ የሚለውንም እቀበላለሁ፤ ኮሪያ ለአራት ዓመት የያዘችው ተራ ለማንም አልጠቀመም። በመሪ ፈንታ ተወካይ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ የግዳጅ ሠራተኞቹ ካሳ የመሰለውን ጉዳይ ተወካይ አይቆርጠውም።