የወንድሜን ድምፅ አስመስለው ለቀቁበት፤ በየትኛው ሕግ ይከሰሳሉ?

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ሰላም ወገኖች። ታላቅ ወንድሜ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነው። ሰሞኑን በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ "ብሩን ለንግድ አውዬዋለሁ" የሚል የድምፅ ቅጂ ተለቀቀ። ድምፁ ቁርጥ የእሱ! ግን አላለውም። ቅጂው ላይ ሊቀመንበሩን "አንተ" ይላቸዋል፤ ወንድሜ እኮ እሳቸውን ከ"እርስዎ" ውጪ ጠርቷቸው አያውቅም። በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ነው። ማን እንደለቀቀው እናውቃለን። በሕግ ምን ይባላል?

መልስ (ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን)፦ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 "ዲፕፌክ" (በኤአይ የተፈበረከ አስመሳይ ድምፅ ወይም ምስል) የሚል ቃል አታገኝም። አዋጁ የሚያየው ድርጊቱን ነው። የይዘት ዳታ ሲል ድምፅ፣ ቪዲዮና ምስልንም ይጨምራል። አንቀጽ 9 የሌላውን መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት ሐሰተኛ ዳታ የሠራን ወይም የተጠቀመበትን ይቀጣል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ። ከባድ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይሄዳል። በኤአይ ይሠራ በእጅ ይቆራረጥ፣ ለውጥ የለውም። ለእናንተ የሚቀለው ግን አንቀጽ 13 ነው፤ ስም የሚያጠፋ ድምፅ ማሰራጨት። ይሄኛው ያለ ተበዳይ አቤቱታ አይንቀሳቀስም። ጊዜው ደግሞ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁ ጀምሮ 3 ወር ነው። እንዳትተኙ።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁስ? 1185/2012?

ጠበቃው፦ እሱ ሐሰቱ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ እንዲሆን ይጠይቃል። የዕድር ጭቅጭቅ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት የኤአይ ሕግ ዲፕፌክን በስሙ ጠርተውታል፤ ያለን ሰው ወይም ቦታ መስሎ እውነተኛ ነው የሚያሰኝ፣ የተፈበረከ ምስል፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ። እሱም ቢሆን "የተሠራ መሆኑን ግለጽ" የሚል ግዴታ ነው እንጂ የወንጀል ሕግ አይደለም።

መልስ (ሞባይል ጠጋኝ፣ ሸዋ ሮቢት)፦ ቅጂው ሳይጠፋ ፋይሉን ራሱን አውርዱት። በሌላ ስልክ የተቀዳ አይበቃም። የላኪው ዩዘርኔም፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾትም ያዙ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። "ቀልዴን ነው" ማለቱ አይቀርም፤ ያድነዋል?

ጠበቃው፦ ሰውን ሌባ አሰኝቶ ምን ቀልድ አለ! ብቻ ለመጉዳት ማሰቡን የሚያሳይ ካላችሁ ጨምሩ፤ ከቅጂው ሥር የጻፈው ነገር፣ የቆየ ጠብ። ሰዓቱንም ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ስክሪንሾቱ 20፡15 ካለ አቤቱታው ላይ "ከምሽቱ 2፡15" የሚለውንም አብራችሁ አስፍሩ።